የናቡቴ ጥያቄ በበቆሎ እርሻ መካከል

ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ወደ ናዝሬትና ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዙ ምእመናን የኢይዝራኤልን ሸለቆ ሳያዩ አያልፉም። አውቶቡሱ ወደ ሜዳው ሲወርድ አስጎብኚው የጌዴዎንን፣ የሳኦልንና የኤልዛቤልን ስም በየተራ ይጠራል፤ የናቡቴን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። ሰውየው ንጉሥ አልነበረም፤ ጦርም አልመራም። የነበረው ነገር ቢኖር በንጉሡ ቤት አጠገብ የሚገኝ የወይን ቦታ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንሰብከው ግን አንድ ነገር እንዘልላለን። አክዓብ በመጀመሪያ እንደ ወንበዴ አልመጣም። በወይኑ ቦታ ፈንታ የተሻለ ሌላ ወይን፣ ካልሆነም ግምቱን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር። በዛሬው አነጋገር ካሳ አቀረበለት ማለት ነው። ናቡቴ እምቢ ያለው ካሳው አነሰኝ ብሎ ሳይሆን ቦታው የአባቶቹ ርስት በመሆኑ ነው።

ተገቢ ዋጋ የቀረበለት ሰው «አይሆንም» የማለት መብት አለውን? ይህ ጥያቄ በዘመናችን ብዙ ጊዜ ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ በመንደርና በእርሻ መካከል የሚቀበር የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ነው። በተለይ በሰሜን አሜሪካ ከ2010 ወዲህ የጋዝ መሥመር በደረሰበት ሁሉ የአካባቢው ነዋሪ ተሰብስቦ ተቃውሟል፤ በተቃውሞውም ውስጥ ካህናትና መነኮሳይያት በግንባር ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ታሪኮች፣ አንዱን ከገጠር አንዱን ከከተማ፣ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። በሁለቱም ውስጥ የገዳም ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእርሻው መካከል የቆመው ጸሎት ቤት

በፔንሲልቬንያ ግዛት የላንካስተር አውራጃ በለም አፈሩ የታወቀ ነው። አሚሽ የተባሉት፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱት ገበሬዎች የሚኖሩበት አገር ነው። በዚያ አውራጃ ኮለምቢያ በምትባለው ከተማ አጠገብ «የክርስቶስ ደም ሰጋጆች» የሚል ስም ያለው የካቶሊክ መነኮሳይያት ማኅበር መሬት አለው። ማኅበሩን በ1834 በኢጣልያ አኩቶ በምትባል መንደር የመሠረተችው ማሪያ ዴ ማቲያስ ናት። እኅቶቹ በኮለምቢያ የአረጋውያን መኖሪያ አቋቁመዋል፤ የቀረውም መሬታቸው በገበሬ ይታረሳል። በ2005 ማኅበሩ ስለ መሬት ያለውን እምነት በጽሑፍ አወጣ፤ ይዘቱ ባጭሩ ምድር የእግዚአብሔር ፍጥረት እንደ መሆኗ ቅድስት ናት፣ ሰውም ጠባቂዋ እንጂ እንደ ፈቀደ የሚያደርግባት ባለቤት አይደለም የሚል ነው። የእምነት ወገኖቻችን ባይሆኑም፣ ይህን አነጋገር ለማስተዋል የእኛ አባቶች አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

የጋዙ መሥመር ስሙ «አትላንቲክ ሰንራይዝ» ይባላል። በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ከመሬት በታች ከሻሌ ድንጋይ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ደቡብ ግዛቶች ለማድረስ የታሰበ ሲሆን፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አዲስ ቧንቧ የሚጠይቅ፣ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል የተገመተ ሥራ ነበር። በላንካስተር በኩል የሚያልፈው ቧንቧ ወርዱ 42 ኢንች፣ ማለትም ከ1 ሜትር የሚበልጥ ነው። ጎንበስ ያለ ሰው በውስጡ ሊገባ ይችላል። ሥራውን የያዘው ዊልያምስ የተባለው ድርጅት በሥሩ ባለው ትራንስኮ በተባለው ኩባንያ ስም ነበር፤ ከተመረጠውም መስመር አንዱ ክፍል በእኅቶቹ እርሻ ውስጥ ያልፋል። ለመተላለፊያው ገንዘብ ቀረበ። እኅቶቹ አልተቀበሉም።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ በ1938 ወጣ፤ በ1947 ደግሞ ተሻሻለ። በማሻሻያው መሠረት ከፌዴራሉ የኃይል ኮሚሽን የፈቃድ ወረቀት የተሰጠው ኩባንያ፣ ባለመሬቱ ባይስማማም፣ ለቧንቧው የሚያስፈልገውን መሬት ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስለቅቅ ይችላል። ባለመሬቱ ስለ ዋጋው መከራከር ይችላል፤ ገማች ያቆማል፣ ጠበቃ ይቀጥራል። «መሬቴን አልሰጥም» የሚለው ቃል ግን ወረቀቱ ከወጣ በኋላ በዚያ ችሎት ሰሚ የለውም። የሚወስደውም መንግሥት ራሱ ሳይሆን ለትርፍ የሚሠራ የግል ኩባንያ ነው። አክዓብ ቢያንስ ንጉሥ ነበር።

በኢትዮጵያ የርስትን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ ወሬ አይመስለውም። ገዳማት መሬታቸውን በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ እንዳጡ አረጋውያን መነኮሳት ዛሬም ያስታውሳሉ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የዋልድባ አባቶች የወልቃይት የስኳር ልማት ሥራ፣ ከግድቡና ከመንገዱ ጋር፣ የገዳሙን ክልል ይነካል በማለት ድምፃቸውን ማሰማታቸው ይታወቃል። ልማት የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር የሚቃወም ሰው ኋላ ቀር ተብሎ መጠራቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ ልዩነቱ በፔንሲልቬንያ ክርክሩ በችሎት ፊት መሆኑ ነው።

ኮሚሽኑ ለአትላንቲክ ሰንራይዝ የፈቃድ ወረቀቱን የሰጠው በየካቲት 2017 ነበር። እኅቶቹ ከአካባቢው ተቃዋሚዎች ጋር ከተመካከሩ በኋላ ቧንቧው በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ በበቆሎው መካከል፣ ጣሪያ የሌለው ጸሎት ቤት እንዲቆም ፈቀዱ። ትልቅ ሕንፃ አልነበረም፤ የእንጨት ዳስ፣ አትሮንስና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ነበሩ። ሐምሌ 9 ቀን 2017 ሲባረክ 300 ያህል ሰዎች ተገኙ። የመጡት የማኅበሩ እኅቶችና የእነርሱ ምእመናን ብቻ አልነበሩም፤ መሬታቸው በዚያው መስመር ላይ ያለ ጎረቤቶች፣ ከሌላ እምነትም የሆኑ፣ እምነትም የለንም የሚሉ ነበሩ።

ነገሩን ተንኮል ነው ያሉ አልጠፉም፤ ጸሎት ቤቱ የቆመው ለጸሎት ሳይሆን ለክስ ነው ተባለ። ይህን ወቀሳ በቀላሉ መጣል አይገባም፤ ጊዜውና ቦታው የተመረጠው በርግጥ በቧንቧው ምክንያት ነው። ነገር ግን በቅድስት ሀገር የሚኖር መነኩሴ ቦታን በጸሎት መያዝ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በዴር ሡልጣን፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ፣ በጠባብ ጎጆዎች ውስጥ ትውልድ ከትውልድ ተተካክተው የኖሩት አባቶቻችን ይዞታቸውን የጠበቁት በሰነድ ብቻ አይደለም፤ ዘወትር በመገኘት፣ ሰዓታቱን በማድረስ፣ በዓሉን በማክበር ነው። በዚህች ከተማ የተዘጋ በርና የጠፋ ቁልፍ ምን ያህል ዘመን እንደሚያከራክር አይተናል። ስለዚህ በእርሻ መካከል ወንበር ዘርግቶ መጸለይ ይህ ቦታ ባለቤት አለው ማለት መሆኑን የኮለምቢያ እኅቶች ከእኛ የተማሩት ባይሆንም፣ እኛ ግን ስናየው እንረዳዋለን።

በዚያው በጋ መጨረሻ የፌዴራል ዳኛው ኩባንያው መሬቱን እንዲይዝ ፈቀደ። በጥቅምት 16 ቀን 2017 ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ሰዎች በጸሎት ቤቱ አጠገብ እየዘመሩ ቆሙ፤ 23 ሰዎች ተያዙ። ከዚያ በኋላ ቦዩ ተቆፈረ፣ ቧንቧው ተቀበረ፤ በጥቅምት 2018 ጋዝ ተለቀቀበት።

እኅቶቹ ራሳቸው የመሠረቱት ክስ ጸሎት ቤቱ ከተባረከ በኋላ በዚያው ሳምንት የቀረበ ነበር። የተመረኮዙት በ1993 የወጣውንና መንግሥት ያለ ብርቱ ምክንያት የሰውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዳይጫን የሚከለክለውን ሕግ ነው። እምነታችን ምድርን እንድንጠብቅ ያዝዘናል፤ ምድርን ይጎዳል ብለን የምናምነው ነገር በገዛ መሬታችን እንዲያልፍ ማስገደድ እምነታችንን መጣስ ነው አሉ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ነገር እውነት ላይ ሳይገባ መዝገቡን ዘጋው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2018 ያንኑ አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2019 ጉዳዩን አልመለከትም አለ። በኋላ የጉዳት ካሳ ቢጠይቁ እርሱም በ2022 ተከለከለ።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ለእኛም ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ኮሚሽኑ ጉዳዩን ሲመረምር በነበረባቸው ዓመታት ለባለመሬቶች ደብዳቤ ይደርሳል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ የተቃውሞ ጊዜ ይወሰናል። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም እንደገና ይታይልኝ ለማለት 30 ቀን አለ። እኅቶቹ የሃይማኖት ጥያቄያቸውን በዚያ ጊዜና በዚያ መንገድ ለኮሚሽኑ አላቀረቡም። ፍርድ ቤቶቹም፦ ቃላችሁ መጀመሪያ መሰማት የነበረበት እዚያ ነው፤ እዚያ ያልተነገረ ነገር እዚህ አይጀመርም አሉ። ውሳኔው ልብ የሚያቀዘቅዝ ነው፤ ከንቱ ግን አይደለም፤ ሥርዓት ያለው አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ደንብ አለው። የገዳም ሰዎች ጸሎቱን በሰዓቱ ለማድረስ የምንተጋውን ያህል ለመንግሥት ደብዳቤ በሰዓቱ መልስ ለመስጠት አንተጋም። በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ተቀብሎ «ኋላ እናስተረጉመዋለን» በማለት በመሳቢያ ያላኖረ መጋቢ ቢኖር እርሱ በእኛ ላይ ይፍረድ።

ጎረቤቶች ምን ይፈራሉ?

የተፈጥሮ ጋዝ ከሞላ ጎደል ሜቴን ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። በመጋቢት 1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል መንደር ሳይታወቅ በትምህርት ቤት ሥር የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ሕፃናት የሆኑትን፣ ከገደለ በኋላ ነው ለቤት በሚታደለው ጋዝ ውስጥ የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታ እንዲጨመር በሕግ የተወሰነው። በረጅሙ ርቀት የሚሄደው ትልቁ ቧንቧ ግን በገጠር ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይህ ሽታ አይጨመርበትም።

ከተማን በተመለከተ የሁሉም ተቃዋሚ አእምሮ የሚሄደው ወደ ሳን ብሩኖ ነው። ሳን ብሩኖ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ ያለች የመኖሪያ ከተማ ናት። መስከረም 9 ቀን 2010 ማታ፣ ሰው ከሥራ ተመልሶ እራቱን በሚያዘጋጅበት ሰዓት፣ በመንገዱ ሥር በ1956 የተቀበረ 30 ኢንች ቧንቧ ፈነዳ። 8 ሰዎች ሞቱ፤ 38 ቤቶች ፈጽመው ወደሙ። ጋዙን ለመዝጋት 95 ደቂቃ ፈጀ፤ እሳቱም በዚያ ጊዜ ሁሉ ነደደ። በምርመራው የተገኘው ጉድለት ያለበት የብየዳ ሥራ ነበር፤ ከ50 ዓመት በላይ ማንም ሳያየው ከሰዎች መኝታ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ ተቀብሮ ኖሮአል።

መሐንዲሶች ቧንቧ ቢፈነዳ አደጋው የሚደርስበትን ርቀት የሚያሰሉበት ቀመር አላቸው። ርቀቱ ከቧንቧው ወርድ ጋር ይጨምራል፤ ከግፊቱም ጋር እንዲሁ፣ ይሁንና በዝግታ። ወርዱ 16 ኢንች፣ ግፊቱ በአንድ ካሬ ኢንች 750 ፓውንድ ለሆነ ቧንቧ ስሌቱ በየአቅጣጫው ወደ 90 ሜትር ያህል ይሰጣል። እንደ ላንካስተሩ ላለው ትልቅ ቧንቧ ከ300 ሜትር ያልፋል። ኩባንያዎቹ እንዲህ ያለ አደጋ እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚደርስ ይናገራሉ፤ እውነትም ነው። ጋዙ በመኪና ተጭኖ በመንገድ ቢሄድ አደጋው ይበዛ ነበር ሲሉም አልተሳሳቱም። ነገር ግን ጥቂት ጊዜ የሚደርስ አደጋ በማን ደጅ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በዚህ አይመለስም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናምን ብናልፍ ግብዝነት ይሆናል። እኛ በምንኖርባት አገር ከሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚበራው አምፖል፣ የእንግዶች ማረፊያው ማሞቂያም ከዚያ ይቀዳል። በባሕሩ መንገድ ወደ ሐይፋና ወደ ደብረ ቀርሜሎስ የሚሄድ ተሳላሚ፣ አየሩ ጠርቶ ከሆነ፣ በዶር ባሕር ዳር አንጻር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በውኃው ላይ የቆመ ብረት ያያል። በ2010 ከተገኘው ሌዋታን ከተባለው የባሕር ሥር ጋዝ የሚወጣው ወደ ምድር ከመድረሱ በፊት የሚጣራበት ነው። በዚያ ዳርቻ ያሉ የዚክሮን ያዕቆብና የአካባቢው መንደሮች ነዋሪዎች ማጣሪያው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጉድጓዱ አጠገብ እንዲቆም ለዓመታት ተሟገቱ፤ አልተሳካላቸውም። በታኅሣሥ 31 ቀን 2019 ሥራው ሲጀመር ከሚወጣው አየር የፈሩ ቤተሰቦች ለዚያ ቀን ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። መንግሥትና ኩባንያው ሥጋት የለውም ብለው ነበር። በዚያው በቀርሜሎስ ግርጌ የሚሄደው መንገድ ኤልያስ አክዓብን ፍለጋ ወደ ናቡቴ ወይን ቦታ ከወረደበት አገር የሚርቀው በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው።

በከተማ መንገድ ሥር

ሁለተኛው ታሪክ የተፈጸመው በቦስተን ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ከተማ። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዌስት ሮክስበሪ የሚባል ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር አለ። በዚህ ሰፈር ትልቅ የድንጋይ ካባ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ ድንጋዩ በፈንጂ እየተፈረካከሰ ይወጣ ነበር። ስፔክትራ የተባለው ኩባንያ ከዌስትዉድና ከዴድሃም ከተሞች ተነሥቶ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በመንገድ ሥር የሚሄድ የጋዝ ቧንቧ አቀደ፤ መድረሻው፣ ግፊቱ የሚቀነስበትና ጋዙ የሚለካበት ጣቢያ፣ ከድንጋይ ካባው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ እንዲሆን ተወሰነ። ከላይ የጠቀስነው የ750 ፓውንድ ግፊት የዚህ መሥመር ነው።

ፈንጂ በሚፈነዳበት ጉድጓድ አጠገብ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ መቅበር ትክክል አይደለም ለማለት ምሁር መሆን አያሻም። ነዋሪዎቹ አሉ፤ የከተማው ምክር ቤት አለ፤ በዚያን ጊዜ ከንቲባ የነበሩት ማርቲን ዋልሽም አሉ። ኩባንያው ጥናት አስጠንቶ ንዝረቱ ቧንቧውን አይጎዳም አለ፤ ኮሚሽኑም ጥናቱን ተቀብሎ በመጋቢት 2015 ፈቀደ። ከተማዋ በፍርድ ቤት ተከራከረች፤ በ2018 ተረታች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ቦስተን ጠበቃ የሌላት መንደር አይደለችም፤ ጊዜውንም አላሳለፈችም። የኮለምቢያ እኅቶች በወቅቱ ቢናገሩ ኖሮ ይሳካላቸው ነበር ብሎ ለሚያስብ ሰው የቦስተን ታሪክ መልስ ነው። በወቅቱ መናገር የመሰማትን በር ይከፍታል እንጂ ድል አያረጋግጥም።

መቆፈሩ ሲጀመር ሰዎች በቦዩ አፋፍና በውስጡ መቀመጥ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ተያዙ። በግንቦት 25 ቀን 2016 የልዩ ልዩ እምነት አገልጋዮች የሆኑ 16 ሰዎች የአገልግሎት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ እየዘመሩ፣ ሥራውን አስቁመው ተያዙ።

ከሁሉ የሚታሰበው ግን የሰኔ 29ኙ ነው። በዚያ ዓመት ከፓኪስታን የተሰማ ዜና ነበር። በ2015 በካራቺ ከተማ በደረሰው ሙቀት ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተው ስለ ነበር፣ ለሚመጣው በጋ ይሆናል ተብሎ የጅምላ መቃብር አስቀድሞ ተቆፈረ። ገና ላልሞተ ሰው የተቆፈረ መቃብር! በዌስት ሮክስበሪ የተሰበሰቡት የጋዙን ቦይ አይተው ይህን መቃብር አሰቡ፤ ጋዝ ሲነድ አየሩን ያሞቃል፤ ሙቀቱም የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጋዙን ያላነደደውን ድሃ ነውና። አገልጋዮች በቦዩ አፋፍ ቆመው የፍትሐት ጸሎት የመሰለ ጸሎት ሲያደርሱ ሌሎቹ ወርደው እንደ ሬሳ በውስጡ ተጋደሙ። 23 ሰዎች ተያዙ፤ ከእነርሱም አንዷ የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የአል ጎር ልጅ ካሬና ጎር ነበረች።

ለሙታን የሚገባውን ሥርዓት ለሰልፍ ማዋል ተገቢ ነውን የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም በመጀመሪያ ስሰማው አልወደድኩትም። ነገር ግን በእኛ ሥርዓት መነኩሴ ሲመነኩስ ፍትሐት እንደሚደረስለት፣ በሕይወት ያለ ሰው እንደ ሙት ተቆጥሮ እንደሚገነዝ ሳስብ፣ ሕያው ሰው በመቃብር አፋፍ ተጋድሞ መታየቱ ለእኛ እንግዳ ምልክት እንዳልሆነ ተረዳሁ።

ይህም ቧንቧ ተቀበረ፤ ሥራም ጀመረ። የተያዙት ግን ለፍርድ መቅረባቸው አልቀረም። ዐቃቤ ሕጉ የወንጀሉን ክስ ወደ ቀላል የደንብ መተላለፍ ዝቅ አደረገው፤ በዚህም ተከሳሾቹ ተስፋ ያደረጉት በመማክርት ፊት የሚታየው ችሎት ቀረ። በመጋቢት 27 ቀን 2018 ከተከሳሾቹ 13ቱ በዌስት ሮክስበሪ ፍርድ ቤት በዳኛ ሜሪ አን ድሪስኮል ፊት ቀረቡ። እያንዳንዱ ለምን ወደ ቦዩ እንደ ወረደ በየተራ ጥቂት ደቂቃ ተናገረ። ዳኛዋ አድምጠው ሲጨርሱ ሁሉንም በግድ ሁኔታ ያደረጉት ነው በማለት ተጠያቂ አይደሉም ብለው አሰናበቷቸው። እንዲህ ያለ ምክንያት በእንዲህ ያለ ጉዳይ መቀበሉ ባልተለመደበት አገር ይህ ብዙ ያስገረመ ፍርድ ነበር። ለነዋሪው ግን አንድም ቧንቧ ከመሬት አላወጣለትም።

ጊዜ ስለሚበላው ፍርድ

ወደ ላንካስተር እንመለስ። በዚያ መስመር ላይ እንደ እኅቶቹ ያልዘገዩ ቤተሰቦች ነበሩ። በ30ው ቀን ውስጥ ኮሚሽኑን «እንደገና ይታይልን» ብለው ጠየቁ። ሕጉ ኮሚሽኑም በ30 ቀን መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ መልስ ካልሰጠ እንደ ተከለከለ ይቆጠርና ባለጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ኮሚሽኑ ግን ለብዙ ዓመታት የለመደው ዘዴ ነበረው፦ በ30ኛው ቀን አካባቢ «ጉዳዩን ለማየት ተጨማሪ ጊዜ ወስደናል» የሚል አጭር ትእዛዝ ያወጣል። በዚያች ወረቀት ምክንያት ጥያቄው አልተከለከለም፣ አልተፈቀደምም፤ ባለመሬቱ ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ በሩ ተዘግቶበት ይጠብቃል። ኩባንያው ግን አይጠብቅም። በ2017 የሆነውም ይኸው ነው፤ መልሱ የተሰጠው በታኅሣሥ ሲሆን ቁፋሮው የጀመረው በመስከረም ነበር።

ቤተሰቦቹ ይህን ይዘው በዋሽንግተን ወደሚገኘው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄዱ። በመጀመሪያ ሦስት ዳኞች ብቻ አይተው፣ የቀደመውን ልማድ ተከትለው፣ ፈረዱባቸው። ከዚያ በኋላ ግን የፍርድ ቤቱ ዳኞች በሙሉ ተሰብስበው ጉዳዩን እንዲያዩት ተወሰነ፤ ይህ በዚያ ፍርድ ቤት እምብዛም የማይደረግ ነው። በሰኔ 30 ቀን 2020 በሰፊ ብልጫ ፍርዱ ተሰጠ፦ ኮሚሽኑ ባለመሬቱን በመጠባበቅ አስሮ ኩባንያው እንዲቆፍር ማድረግ አይችልም፤ 30ው ቀን ካለፈ የፍርድ ቤት በር ክፍት ነው።

ስለ ራሳቸው መሬት ግን የጠየቁት አልተፈቀደላቸውም፤ የአትላንቲክ ሰንራይዝ ፈቃድ እንደ ጸና ቀረ። ፍርዱ በተነበበበት ቀን ጋዙ በቧንቧው ውስጥ ማለፍ ከጀመረ 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኖት ነበር፤ በላዩም ላይ የዚያ ዓመት በቆሎ በቅሎ ነበር።